ግራሶ ወይስ ዘይት? ለሚንቀሳቀስ ዕቃ ትክክለኛውን ቅባት እንዴት እንመርጣለን

ከቃሊቲ ወጥታችሁ ወደ ገላንና ዱከም ስትሄዱ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የማይሽከረከር ነገር የለም። ወፍጮ ቤቱ፣ ብሎኬት ማምረቻው፣ ቶርኖ ቤቱ፣ የባጃጁ ሰልፍ፣ የመጋዘኑ ተንሸራታች በር። ሁሉም ቅባት ይፈልጋል። ብዙ ግቢ ውስጥ የምታገኙት ግን አንድ ጣሳ ግራሶና አንድ ጀሪካን የተቃጠለ ዘይት ነው። የጮኸ ነገር ሁሉ ከሁለቱ አንዱን ይቀባል። ዝም ካለ ተሠራ ይባላል።

ዝም ማለቱ ግን ማረጋገጫ አይደለም። ጩኸቱን ያፈነው ቅባት አቧራ ሰብስቦ ዕቃውን ከውስጥ ሊበላው ይችላል። ስለዚህ ከጣሳው አትጀምሩ፣ ከዕቃው ጀምሩ። እኔ የምሄድበት ቅደም ተከተል ይኸው።

1. መቀባት አለበት ወይ?

ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ይዘለዋል። የማይቀባ ዕቃ ግን ሞልቷል።

ኩሽኔታው (ዘንግ የሚዞርበት፣ ውስጡ የብረት ኳስ ያለው ቀለበት) ጎን ላይ ከቁጥሩ ቀጥሎ «ዜድ ዜድ» ወይም «2 አር ኤስ» የሚሉ ፊደላት ካሉ ግራሶው ፋብሪካ ውስጥ ገብቶ ተዘግቷል ማለት ነው። የመጀመሪያው የብረት ክዳን፣ ሁለተኛው የጎሚኒ ክዳን አለው። ክዳኑን በካቻቢቴ ፈልቅቆ ግራሶ መጨመር ትርፉ ቆሻሻ ማስገባት ነው። ሲያልቅለት ይቀየራል፣ በቃ።

የተንሸራታች በር ሐዲድም ግራሶ አይወድም። ሐዲዱ ላይ የተቀባ ግራሶ አሸዋ ይይዝና ጎማው ሲሄድበት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርደዋል። መቀባት ያለበት የጎማው ኩሽኔታ ነው። ሐዲዱ መጥረጊያ ይበቃዋል። የትናንሽ ኮንክሪት ሚክሰሮችም ነገር ተመሳሳይ ነው። በርሜሉን የሚያዞረውን ትልቅ ጥርስ ግራሶ አትቀቡ የሚሉ መመሪያዎች ብዙ ናቸው፤ ሲሚንቶና አሸዋ ስለሚለጠፍበት። የእናንተ ማሽን መመሪያ ካለ እሱን እመኑ።

ሁለት ቦታ ደግሞ በጭራሽ አይነካም። አንዱ የፍሬን ሸራና የፍሬን ዲስክ ነው፤ ምክንያቱን መናገር አያስፈልግም። ሌላው የብየዳ ኦክስጅን ሲሊንደር ነው። ቫልቩ ቢጠብቅ፣ ሬጉሌተሩ (የጋዙን ግፊት የሚቆጣጠረው) ቢያስቸግር፣ ዘይትም ግራሶም አይቀባም። በከፍተኛ ግፊት የሚወጣ ኦክስጅን ዘይት ካገኘ ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል። በግራሶ የተጨማለቀ ጓንት አድርጎ ሬጉሌተር መያዝም ያው ነው። ብየዳ ቤት ያላችሁ ይህን ለረዳቱ ልጅ በመጀመሪያው ቀን ንገሩት።

2. ዕቃውን አራት ነገር ጠይቁት

በምን ፍጥነት ይዞራል? ምን ያህል ጭነት አለበት? ምን ያህል ይሞቃል? ውስጡ ምን ሊገባ ይችላል?

ፍጥነትና ጭነት አብረው ነው የሚታዩት። ዘንግ ሲሽከረከር ዘይቱን ከሥሩ እየጎተተ ያስገባና ራሱን ከብረቱ ላይ ትንሽ ያነሳል። መሀል ላይ ስስ የዘይት ሽፋን ይፈጠራል፣ ብረትና ብረት አይነካኩም። በፍጥነት የሚዞር ነገር ይህን ሽፋን በቀጭን ዘይትም ይሠራል። ወፍራም ከሰጣችሁት ዘይቱን በማቦካት ብቻ ይሞቃል፣ ጉልበትም ይበላል። ቀስ ብሎ እየዞረ ከባድ ነገር የሚሸከም ደግሞ ዘይቱን ጎትቶ ለማስገባት ፍጥነቱ የለውም። እሱ ወፍራም ይፈልጋል። አንዳንዴም ብረቱ ቢነካካ እንኳ እንዳይፋቅ የሚያደርግ ለከባድ ጫና የተጨመረ ቅመም ያስፈልገዋል። ጣሳው ላይ «ኢ ፒ» ተብሎ የሚጻፈው እሱ ነው።

ስለዚህ «ወፍራም ይሻላል» የሚባለው ለከባድና ለቀርፋፋ ዕቃ እውነት ነው። በደቂቃ 2,900 ጊዜ ለሚዞር ሞተር ግን ጉዳት ነው።

ሙቀቱን በእጅ መገመት ይቻላል። ማሽኑ ጠፍቶ ሙሉ በሙሉ ከቆመ በኋላ የኩሽኔታውን ቤት ከውጭ ንኩት። መጀመሪያ በጣታችሁ ጫፍ፣ ከዚያ በእጃችሁ። ጥቂት ሰከንድ እንኳ መያዝ ካቃታችሁ ወደ 60 ዲግሪ ደርሷል ወይም አልፏል። ዘይት በሞቀ ቁጥር ይቀጥናል፣ ቶሎም ያረጃል። በግርድፉ ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዘይቱ የሚበላሽበት ፍጥነት እጥፍ ይሆናል ይባላል።

አራተኛው ጥያቄ ለእኛ አካባቢ ዋናው ነው። በጋ ላይ አስፋልት ያልደረሰበት መንገድ ሁሉ አቧራ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ጭቃና ውሃ። ወፍጮ ቤት ዱቄት አለ፣ ብሎኬት ቤት ሲሚንቶ አለ። አቧራ በሚበዛበትና ክፍት በሆነ ቦታ የሚያጣብቅ ቅባት ጠላት ነው። ውሃ በሚበዛበት ደግሞ የማይታጠብ ግራሶ ይፈለጋል።

3. ዘይት፣ ግራሶ ወይስ ደረቅ?

ግራሶ ራሱ ዘይት ነው። ዘይቱን ይዞ የሚያቆየው ሳሙና መሰል ማወፈሪያ ገብቶበታል። ሥራውን የሚሠራው ግን ቀስ እያለ የሚወጣው ዘይት ነው። ዘይቱ አልቆ ማወፈሪያው ብቻ ሲቀር ግራሶው ይደርቃል፣ ይጠቁራል። በዓይን ሲታይ ሞልቷል፣ ጥቅም ግን የለውም።

ዕቃው የተዘጋ ሳጥን ውስጥ ከሆነ፣ ለምሳሌ ካምቢዮ ወይም ኮምፕረሰር፣ ዘይት ይሻላል። ሙቀቱን ይዞ ይወጣል፣ ቆሻሻውንም ያጥባል። ዘይት የሚቆምበት ቦታ ከሌለና ዕቃው በየቀኑ የማይታይ ከሆነ ግራሶ። ቀዳዳው ጠባብ ሆኖ አቧራ የሚበዛበት ከሆነ ደረቅ ቅባት፣ ማለትም እንደ ግራፋይት ያለ።

በቆርቆሮ የሚሸጠውን የዝገት ስፕሬይ ሁሉም ይወደዋል። ለታሰረ ብሎን፣ ውሃ ለማስወጣት፣ ቆሻሻ ለማላቀቅ ጎበዝ ነው። «ደብሊው ዲ 40» የሚባለው ዝነኛው ስፕሬይ በ1953 አሜሪካ ውስጥ የተሠራው ውሃን ገፍቶ ዝገት ለመከላከል ነበር። ግን በጣም ቀጭን ነው፣ አይቆይም። በሩ ዛሬ ዝም ቢልም ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ይጮኻል። ስፕሬዩን ለማጽጃ ተጠቀሙበት፣ ጥረጉት፣ ከዚያ እውነተኛውን ቅባት አስከትሉ።

4. ጣሳው ላይ ያለው ቁጥር ምን ይላል?

ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ «ጥሩ ዘይት ስጠኝ» ካላችሁ ባለሱቁ ያለውን ይሰጣችኋል። ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ።

የሞተር ዘይት ላይ «15 ደብሊው 40» ወይም «20 ደብሊው 50» ይላል። ደብሊው ያለበት ቁጥር በብርድ ያለውን ጠባይ ይናገራል። 15 ደብሊው የሚባል ዘይት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ሞተር ለማስነሳት እንዳያስቸግር ይፈተናል። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ቢበረታም አዲስ አበባ ዙሪያ እዚያ አይደርስም። ስለዚህ እኛን ይበልጥ የሚመለከተን ሁለተኛው ቁጥር ነው፤ እሱ ዘይቱ 100 ዲግሪ ሲሞቅ ያለውን ውፍረት ያሳያል። አምራቹ 40 ካለ 40 ነው። ሞተሩ ስላረጀ 50 ማድረግ ይቻላል የሚሉ መካኒኮች አሉ፤ ዘይት የሚበላ ሞተር ላይ ለጊዜው ሊያግዝ ይችላል፣ የተበላውን ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ግን አይመልስም።

ከቁጥሩ ሌላ ፊደሎቹን እዩ። ኤፒአይ ከሚለው ቀጥሎ በ«ኤስ» የሚጀምር ለቤንዚን፣ በ«ሲ» የሚጀምር ለናፍጣ ሞተር ነው። ሁለቱም የተጻፈባቸው አሉ። ሞተርሳይክልና ባጃጅ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ሞተሩና ፍሪሲዮኑ አንድ ዘይት የሚጋሩ ከሆነ ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤም ኤ» የሚል ፈልጉ። አንዳንድ የመኪና ዘይት ላይ ሰበቃን የሚቀንስ ቅመም ስለሚገባ ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል። ሞተሩ ይጮኻል፣ ባጃጇ ግን ዳገቱን እምቢ ትላለች።

የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት ላይ «80 ደብሊው 90» ይጻፋል። 90 ከ50 እጥፍ ሊጠጋ ምንም ስላልቀረው በጣም የወፈረ ይመስላል። አይደለም። የካምቢዮ ዘይት የሚለካበት ሚዛን ሌላ ነው፤ 90 ቁጥር የካምቢዮ ዘይት ከ40 ወይም ከ50 ቁጥር የሞተር ዘይት ብዙም አይርቅም። እዚህ ላይ ይበልጥ የሚያሳስበው «ጂ ኤል 4» ወይም «ጂ ኤል 5» የሚለው ነው። ጂ ኤል 5 ለዲፈረንሻል ከባድ ጥርሶች ጠንካራ ቅመም አለው። ያ ቅመም የማንዋል ካምቢዮ ውስጥ ያለውን የነሐስ ቀለበት ሊጎዳ ይችላል። መመሪያው ጂ ኤል 4 ካለ «5 ይበልጣል» ብላችሁ አትቀይሩ።

የፋብሪካ ማሽን ዘይት «አይሶ ቪጂ» የሚል ቁጥር አለው። ይህ ቀላሉ ነው፤ ቁጥሩ በ40 ዲግሪ ያለውን ውፍረት በቀጥታ ይናገራል። 22 ወይም ከዚያ በታች ለልብስ ስፌት ማሽን፣ 46 ወይም 68 ለሃይድሮሊክ፣ 100 አካባቢ ለፒስተን ኮምፕረሰር፣ 220 ለተለመደ የጥርስ ሳጥን፣ 460 ደግሞ ጠመዝማዛ ዘንግ የነሐስ ጎማ ለሚያዞርበት ሳጥን የተለመዱ ናቸው። ይህ መነሻ ነው። ማሽኑ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ ካለ የሚሠራው እሱ ነው።

ግራሶ ላይ ሁለት ነገር ይነበባል። አንዱ ጥንካሬው ነው፤ ኤንኤልጂአይ ይባላል፣ ከ000 እስከ 6 ይሄዳል። 000 ሊፈስ ምንም አይቀረው፣ 6 እንደ ሳሙና ይቆረጣል። ለብዙው ኩሽኔታ 2 ቁጥር ነው። ሌላው ማወፈሪያው ነው። የሊትየም ግራሶ በብዛት የሚገኘው ነው፤ ለኩሽኔታ፣ ለመኪና ጎማ፣ ለወፍጮ ይሆናል። ተራው የካልሲየም ግራሶ ውሃን ጥሩ ይችላል፣ ሙቀት ግን አይችልም። 100 ዲግሪ አካባቢ ቀልጦ ይወርዳል፣ በሥራ ላይ 60ን ባያልፍ ይመረጣል። ስለዚህ ለጋሪ ጎማና ለግቢ በር ጥሩ፣ ለሚሞቅ ሞተር መጥፎ።

ቀለሙን እርሱት። «ቀዩ ግራሶ ይሻላል» የሚባለው ወሬ ነው። ቀለም አምራቹ የሚጨምረው ነው።

5. አሮጌውን ሳታወጡ አዲስ አትጨምሩ

የተለያዩ ግራሶዎች ሲደባለቁ አንዳንዶቹ ይቀጥናሉ፣ አንዳንዶቹ ይጠጥራሉ። በተለይ ብዙ የኤሌክትሪክ ሞተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ ፖሊዩሪያ የሚባል ግራሶ አላቸው። እሱ ላይ ተራ የሊትየም ግራሶ ሲጨመር ውሃ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ውስጡ ያለው ምን እንደሆነ ካላወቃችሁ ፈትታችሁ በነጭ ጋዝ እጠቡ፣ በደንብ አድርቁ፣ ከዚያ አዲሱን አስገቡ። በቤንዚን ማጠብ የተለመደ ነው፣ ግን እሳት ነው። አጠገቡ የሚበይድ ሰው ካለ ደግሞ ምን ሊከተል እንደሚችል ታውቁታላችሁ።

6. ስንት ይበቃል?

ብዙ ኩሽኔታ የሚያልቀው በግራሶ እጦት ብቻ አይደለም፣ በጥጋብም ነው። የኩሽኔታ ቤት ጢም ብሎ ሲሞላ ግራሶው መሄጃ ያጣል፣ ራሱን እያቦካ ይሞቃል፣ ዳሩን የሚዘጋውን ጎሚኒ ገፍቶ ይወጣል። በዚያው በተከፈተው በኩል አቧራ ይገባል። በፍጥነት ለሚዞር ዕቃ ከባዶው ቦታ ከሲሶ እስከ ግማሽ ብቻ ይሞላል።

በየጊዜው ለሚጨመረው ደግሞ የታወቀ ስሌት አለ። የኩሽኔታውን የውጭ ስፋት በሚሊ ሜትር፣ በውፍረቱ አባዙት፣ ከዚያ በ0.005። ውጤቱ ግራም ነው። ለምሳሌ 6308 የተጻፈበት ኩሽኔታ የውጭ ስፋቱ 90፣ ውፍረቱ 23 ሚሊ ሜትር ነው። 90 ሲባዛ በ23፣ ሲባዛ በ0.005፣ ወደ 10 ግራም ይመጣል። በነገራችን ላይ የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች በ5 ብታባዙ የዘንጉን ቀዳዳ ታገኛላችሁ፤ 08 ማለት 40 ሚሊ ሜትር ነው። ከ04 ጀምሮ ያሉት እንዲህ ይሄዳሉ። ለግዢ ይጠቅማችኋል።

የግራሶ ፓምፑ በአንድ ግፊት ስንት ግራም እንደሚሰጥ ለማወቅ አሥር ጊዜ ፌስታል ላይ ግፉና ሱቅ ሚዛን ላይ መዝኑት። 12 ግራም ከሆነ አንዱ ግፊት 1.2 ነው፤ ለዚያ ኩሽኔታ ስምንት ግፊት ገደማ ይበቃል። አንዴ ከለካችሁ ሁልጊዜ ይሠራል።

የወፍጮን ኩሽኔታ ልውሰድ፤ እንዲህ ነው የሚቀባው። ማብሪያውን አጥፉ፣ ሌላ ሰው እንዳያበራው ቆልፉት። ቺንጋው እስኪቆም ጠብቁ። ግራሶ የሚገባባትን ኒፕል በንጹህ ጨርቅ ጥረጉ። ይህችን ደቂቃ የሚቆጥብ ሰው ኒፕሏ ላይ የተለጠፈውን ዱቄትና አቧራ ከግራሶው ፊት እየገፋ ኩሽኔታው ውስጥ ያስገባል። ከዚያ ቀስ ብላችሁ ግፉ። ከበደ ካላችሁ አቁሙ፤ በጉልበት ከቀጠላችሁ ጎሚኒው ይፈነዳል።

ከጎን የወጣውን አሮጌ ግራሶ አትጣሉት፣ አንብቡት። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል አሹት፣ ፀሐይ ላይ እዩት። ጠቁሮ ከደረቀ ሙቀት በዝቶበታል። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል። የሚብለጨለጭ ነገር ካለበት ኩሽኔታው ራሱን መብላት ጀምሯል፣ መቀየሪያውን ከአሁኑ ፈልጉ። ጣታችሁ ላይ አሸዋ ከተሰማችሁ ደግሞ ጎሚኒው አልቋል። የወጣውን ጥረጉና ማሽኑን አስነሱ። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ሞቅ ቢል አትደንግጡ፣ የተረፈው ግራሶ ሲወጣ ይወርዳል። በማግስቱም ካልወረደ በዝቷል ወይም ሌላ ችግር አለ።

አቧራ ባለበት ቦታ በዓመት አንዴ ብዙ ከመስጠት ቶሎ ቶሎ ትንሽ መስጠት ይሻላል። ወፍጮና የምግብ ዘይት መጭመቂያ ላይ ደግሞ ቅባቱ እህሉን ሊነካ በሚችልበት ቦታ ለምግብ ማሽን የተፈቀደው፣ ጣሳው ላይ «ኤች 1» የሚለው ነው ትክክለኛው።

7. ቤትና ሠፈር ውስጥ ያሉት ትናንሽ ነገሮች

የጓጉንቸር ቁልፍ፦ ዘይት አታንጠባጥቡበት፣ አቧራ ይዞ ይደነድናል። ግራፋይት ዱቄት ካጣችሁ ለስላሳ እርሳስ በምላጭ ፋቁ፣ ዱቄቱን ቁልፉ ላይ ነስንሱ፣ አስገብታችሁ ደጋግማችሁ አዙሩ።

የግቢ በር ማጠፊያ፦ በሩን ትንሽ ከፍ አድርጎ የሚይዝ ሰው ፈልጉ። ክፍተቱ ውስጥ ጥቂት ጠብታ የካምቢዮ ዘይት አድርጉ፣ የፈሰሰውን ጥረጉ። የኑግ ዘይት የምታደርጉ ተዉት። አየር ሲያገኘው እየደረቀ ሙጫ ይሆናል፣ በሩም ከበፊቱ ይብሳል።

የሞተርሳይክል ካቴና፦ መቀባት ያለበት ውጩ ሳይሆን የፒኖቹ ውስጥ ነው። ነድታችሁ ስትመጡ፣ ሞቅ እያለ፣ ሞተሩን አጥፍታችሁ በታችኛው መስመር ከውስጥ በኩል አንጠባጥቡ፣ ጎማውን በእጅ አዙሩ፣ ውጩን ጥረጉ። እጅ ላይ የሚጣበቅ ካቴና አቧራ ይሰበስባል።

የስፌት ማሽን፦ ነጭ፣ ቀጭን የስፌት ማሽን ዘይት ብቻ። በየቀዳዳው አንድ ሁለት ጠብታ። ከዚያ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ስፉ፣ የደንበኛ ነጠላ ላይ አይደለም።

የጎሚኒ ዕቃ፣ እንደ መኪና በር ጠርዝ ያለ፦ ሲሊኮን። ግራሶ እንዲህ ያለውን ጎሚኒ ሊያሳብጠው ይችላል።

8. ስለተቃጠለ ዘይት

በነጻ ይገኛል፣ ስለዚህ ለሁሉም ነገር ይውላል። ግን ከሞተር የወጣው ስለማይረባ ነው። ጥላሸት፣ አሲድና የብረት ደቃቅ አለበት። ኩሽኔታ ውስጥ ስታስገቡት ያንን ደቃቅ እያስገባችሁ ነው። ቆዳ ላይ በተደጋጋሚ ሲቀባም ለካንሰር ከሚያጋልጡ ነገሮች ይቆጠራል፤ ቢያንስ ጓንት አድርጉ፣ ለልጅም አታስይዙ። ቦይ ውስጥ አትድፉት። የዚህ አካባቢ ቦይ ብዙው ወደ አቃቂ ወንዝ ነው የሚሄደው፣ በወንዙ ዳር ደግሞ ጎመንና ሰላጣ ይለማበታል። ክዳን ባለው ጀሪካን አጠራቅማችሁ ለሚሰበስብ ስጡ።

9. ስትገዙና ስታስቀምጡ

ክዳኑ ተከፍቶ የታሸገ ጣሳ፣ ጽሑፉ የደበዘዘ፣ ዋጋው ከሌላው ሱቅ በጣም የረከሰ ከሆነ እለፉት። በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ የሚሸጥ ዘይት ምንም ይሁን ምን ቁጥሩን ማረጋገጥ አትችሉም።

የግራሶ ጣሳ ክፍቱን አይደር። በቆሸሸ እንጨት አይጨለፍ። ሁለት ዓይነት ግራሶ የምትጠቀሙ ከሆነ ሁለት ፓምፕ ግዙ፣ እያንዳንዱ ላይ የግራሶውን ስምና የት የት እንደሚገባ በማይጠፋ ማርከር ጻፉበት። ማሽኑ አጠገብ ግድግዳ ላይም አንድ ወረቀት ለጥፉ፦ የትኛው ኒፕል፣ የትኛው ግራሶ፣ ስንት ግፊት፣ መቼ። ሠራተኛ ሲቀየር አዲሱ ልጅ የሚጠይቀው ያንን ወረቀት ነው።